አስቀድሞ ፍሬኗ ይያዝ

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልን አንባቢ ደብዳቤያቸው ረጅም በመሆኑ ፍሬ ነገሩን ብቻ አቀርባለሁ። አንባቢያችን የ51 ዓመት ጎልማሳ ናቸው። አባታቸው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይነግዱ ስለነበር ከብረትና ከዘይት ጋር አብረው አድገዋል። «ጎረቤቴ የሆኑ አሜሪካዊት አዛውንት ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል» ይላሉ፤ «ሟቹ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ያቆሟትን የ1955 ሼቭሮሌ ቤል ኤር፣ ባለ አራት በርና ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ በ9,000 ዶላር ሊሸጡልኝ ፈቅደዋል። ሐሳቤ በሐምሌና በነሐሴ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቼ፣ ቀይ ቀለም ቀብቼና ዘመናዊ ሞተር ገጥሜላት፣ በመጪው ግንቦት ልጄ ስትዳር ሙሽራዋን በእሷ ለመውሰድ ነው። ባለቤቴ ግን ለሠርጉ ያስቀመጥነው ገንዘብ ጋራዥ ገብቶ ይቀራል ብላ ትሰጋለች። ልግዛት ወይስ ልተዋት? ከገዛኋትስ ከየት ልጀምር?»

ውድ አንባቢያችን፣

ወረቀቷ ከተስተካከለና ወለሏ በዝገት ካልተበላ ይግዟት። እስከ መጨረሻዋ ብሎን መፍታቱን፣ ቀይ ቀለሙንና ዘመናዊውን ሞተር ግን ይተዉት፤ የግንቦቱንም ቀጠሮ ከመኪናዋ ላይ ያውርዱላት።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ሞተሯ የሚነሣ፣ በራሷ ጉልበት ጋራዤ የገባች የ1957 ሼቭሮሌ ገዝቼ በሦስት ቅዳሜና እሑድ ውስጥ አጥንቷ እስኪቀር ድረስ ፈታኋት። ብሎኖቹን ምን ከየት እንደ ወጣ ሳልጽፍ በቡና ጣሳ እየሞላሁ አስቀመጥኩ፤ የክሮም ጌጦቿን ክሮም ለሚነክር አንድ ባለሙያ ሰጥቼ ሁለቱ ጠፍተው ቀሩ። በሁለተኛው ዓመት ገንዘቡ አለቀ፤ በሦስተኛው ዓመት የጋራዡን በር ስከፍት ልቤ ይከብደኝ ጀመር፤ መኪናዋ ዳግመኛ መንገድ ያየችው በስድስተኛው ዓመት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሲሮጡ የፈቱት ቆመው ለመግጠም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በገዛ እጄ አይቻለሁ።

ሙሉ እድሳት በሠለጠነ እጅ እንኳ ቢያዝ አንድ ሺህ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እርስዎ ከሥራ መልስና በእረፍት ቀንዎ በሳምንት አሥር ሰዓት ቢያገኙ አንድ ሺሁ ሰዓት የሚሞላው ሁለት ዓመት ሊሆን ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ ይህም ክፍል ሳይዘገይ፣ ዝገት ሳይደበቅና ሰው ሳይታመም ነው። ሥራውን ለባለሙያ ጋራዥ ልስጥ ቢሉ ደግሞ ሒሳቡ ከመኪናዋ የገበያ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በ1955፣ በ56 እና በ57 ሼቭሮሌዎች ገበያ ሰው የሚሻማው ጣሪያቸው በሚታጠፍና ባለ ሁለት በር በሆኑት ላይ ነው። ባለ አራት በሯ የቤተሰብ መኪና ነበረች፤ ዛሬም ዋጋዋ ዝቅ ያለ ነው። ይህ ለሚነግድባት ሰው ጉድለት ቢሆንም ልጆቹን ይዞ ሊነዳት ለሚፈልግ ሰው ግን ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ከገንዘብ በፊት ወደሚቀድመው ወደ ወረቀቱ ልምጣ። እኛ ሊብሬ የምንለው፣ እዚያ ታይትል የሚባለው የባለቤትነት ሰነድ በማን ስም እንዳለ ይጠይቁ። በሟቹ ስም ብቻ ከሆነ፣ አዛውንቷ በውርስ ያገኙት መብት በካውንቲው የኑዛዜ መዝገብ ጽሕፈት ቤት በኩል ሳይጣራ ፈርመው ሊያስተላልፉልዎ አይችሉም፤ ይህ ሳያልቅ አንድም ዶላር አይክፈሉ፤ መኪናዋንም ከቦታዋ አያንቀሳቅሱ። ሰነዱ ጠፍቶ ከሆነ ምትክ ማውጣት ይቻላል፤ ይህን መጨረስ ያለባቸው ግን ሻጯ ናቸው፤ እርስዎ አብረዋቸው ወደ ኤምቪኤ (የሜሪላንድ የተሽከርካሪ አስተዳደር መሥሪያ ቤት) ሄደው ቢያግዙ የጉርብትና ወግ ነው።

ሰነዱን እንደያዙ የሾፌሩን በር ይክፈቱና በሩ በማጠፊያው የተያያዘበትን ምሰሶ ይመልከቱ፤ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ያገኛሉ። የዛሬው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ ቁጥር የመጣው በ1981 ስለሆነ የዚህችኛዋ አጭር ነው። ቁጥሩ በላቲን ፊደል ቪ እና ሲ ተከታትለው የሚጀምር ከሆነ፣ ቪ ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እንደነበራት፣ ሲ ደግሞ በእርግጥ ቤል ኤር መሆኗን ይናገራል። ሼቭሮሌ በዚያ ዓመት ዋን ፊፍቲ እና ቱ ቴን የሚባሉ ርካሽ ዓይነቶችም ስለነበሩት፣ የቤል ኤርን ጌጥ ለብሰው እንደ ቤል ኤር የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ከሁለቱ ፊደሎች በኋላ ያለው 55 ዓመቱን ሲያሳይ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፊደል የተገጣጠመችበትን ፋብሪካ ያመለክታል፤ ቢ ከሆነ ባልቲሞር፣ ብሮኒንግ ሀይዌይ ላይ በነበረው ፋብሪካ፣ ከእርስዎ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ቦታ ተሠርታለች ማለት ነው። ያ ፋብሪካ በ2005 ተዘግቷል። መኪናዋ እዚያው ሜሪላንድ ተወልዳ እዚያው ሜሪላንድ ያረጀች ሆና ከተገኘች፣ እኔ በበኩሌ ከቀይ ቀለም ይልቅ ይህን ታሪኳን እመርጥላታለሁ። ቁጥሩ በሰነዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ሳያረጋግጡ ግን ምንም ዓይነት ውል እንዳይፈርሙ።

ቀጥሎ ዝገቱ ነው። አካሏ በሻንሲ፣ ማለትም መኪናዋን በሚሸከመው የብረት አጥንት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ላዩ እያማረ ከሥር የተበላች ልትሆን ትችላለች። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን፣ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫውን ወለል፣ ከበሮቹ ሥር ያለውን የጎን ላሜራና አካሏ በሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ይፈትሹ። የ1955ቷ የራሷ ደካማ ቦታም አላት፤ ከፊት መብራቶቿ በላይ እንደ ቅንድብ ወጣ ያለው ላሜራ ከውስጥ በኩል ጭቃ ስለሚያጠራቅም ከዚያ ይበሰብሳል። ቀለሙን እንዳይጭር በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይያዙ፤ ማግኔቱ በማይስብበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን ስቱኮ አለ። በመዶሻ ጀርባ ቀስ ብለው ቢያንኳኩም ጆሮዎ ይለየዋል፤ ሶማሌ ተራ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ መማር አያስፈልገውም።

ወለሏና ሻንሲዋ ጤነኛ ከሆኑ 9,000 ዶላር ተገቢ ዋጋ ነው፤ ከተበሉ ግን ውድ ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንዎ። ሻጯ ጎረቤትዎ ናቸው፤ በሐዘንም ላይ ናቸው። መርምረው ያገኙትን፣ ጥሩውንም መጥፎውንም፣ ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ዋጋዋ እሳቸው ከጠሩት በላይ ሆኖ ካገኙት ይህንንም ይንገሯቸው። የሟቹ የጥገና ደረሰኞች፣ የድሮ ፎቶግራፎችና ትርፍ ቁልፎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችልም ጋራዡ ከመጽዳቱ በፊት ይጠይቋቸው፤ እንዲህ ያለ ሣጥን ጉዳዩ የማይገባው ሰው ካገኘው ወዲያው ቆሻሻ ይገባል።

መኪናዋ ቤትዎ ከገባች በኋላ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቸኩለው ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ለመስማት ነው። እኔ አስቀድሞ ፍሬኗ ይያዝ እላለሁ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ ስለ ቀለሙና ስለ ሞተሩ ብዙ ሲጽፉ ስለ ፍሬኗ አንድ ቃል አላነሡምና። በ1955ቷ አራቱም ጎማዎች ላይ ያለው ፍሬን በታምቡር፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞር ክብ የብረት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሲሆን፣ የአራቱንም ዘይት የሚገፋው አንድ ብቸኛ መስመር ያለው ዋና ፖምፓ ነው። አንዱ ጎማ ጋ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ የአራቱም ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። የፊትና የኋላ መስመሩ የተለያየ ፖምፓ በአሜሪካ መኪኖች ላይ መደበኛ የሆነው ከ1967 ወዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ውሃን ከአየር ስለሚስብ፣ ከ1988 ጀምሮ በቆመች መኪና ውስጥ ያሉት የብረት ቱቦዎችና በየጎማው ያሉት ትንንሽ ፖምፓዎች ከውስጥ ዝገዋል ብለው ይነሡ። ላስቲክ ቱቦዎቹን፣ ብረት ቱቦዎቹን፣ ትንንሾቹን ፖምፓዎችና ታምቡሩን እየተጫኑ የሚያቆሙትን ሸራዎች በሙሉ ይቀይሩ፤ ዋናውን ፖምፓ ግን ባለ ሁለት መስመር በሆነው ይተኩት። የመኪናዋን ጥንታዊነት ጠብቁ እያልኩ ይህን መምከሬ ሊያስገርምዎ ይችላል፤ ሕይወት በሚነካ ነገር ላይ ግን ለጥንታዊነት አልከራከርም፤ አሮጌውን ፖምፓ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ።

ታምቡሩን ሲያወጡ ከውስጥ የሚያገኙትን አቧራ በአየር ግፊት አይንፉት፤ በአፍዎም እፍ አይበሉት። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በውሃ ያርጥቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረው ያስወግዱት። ጎማዎቹም የ1988 ከሆኑ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ከማንከባለል ያለፈ ሥራ አይስጧቸው፤ ጥርሳቸው ያላለቀ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል፤ ፍጥነት ላይ ይተረተራል።

ሞተሩን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስዎ። ሼቭሮሌ በ1955 ያወጣው ባለ 265 ኪዩቢክ ኢንች፣ በእኛ አቆጣጠር 4.3 ሊትር የሆነው ቪ ስምንት፣ በዋና መሐንዲሱ በኤድ ኮል መሪነት የተሠራ ሲሆን፣ በመሠረታዊው ካርቡሬተር 162 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የዚያ ሞተር ዘሮች ለአሥርተ ዓመታት ሲሠሩ ኖረው ጄኔራል ሞተርስ የቤተሰቡን መቶ ሚሊዮነኛ ሞተር በ2011 አምርቷል። እርስዎ ሊገጥሙላት ያሰቡት ዘመናዊ ሞተር የሼቭሮሌ ከሆነ፣ የልጅ ልጁን ለማስገባት አያቱን ማውጣትዎ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው ዓመት የሆነውን። ሞተሩ ተሰንጥቆ ወይም ከመጠገን አልፎ ካልተገኘ በቀር እንዲህ ዓይነቱን መኪና ከሞተሯ መለየት ትክክል አይመስለኝም።

ሞተሩ ሲመረመር ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ከ1988 ወዲህ ያልዞረን ሞተር በሞተሪኖ (በባትሪ በሚሠራው ማስነሻ) ማዞር የተጣበቀ ፒስተን ቀለበት ይሰብራል። ካንዴላዎቹን አውጥተው በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ያፍስሱና ለቀናት ይተዉት፤ ከዚያ በረጅም ቁልፍ በእጅዎ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ እምቢ ካለ ይጨምሩለትና ይጠብቁ እንጂ አያስገድዱት። መዞር ከጀመረ ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) አውጥተው የዘይት ፖምፓውን በረጅም ዘንግና በመሰርሰሪያ ማዞር ይቻላል፤ በዚህ ሞተር ፖምፓውን የሚነዳው የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይት ሁሉም ቦታ እንዲደርስ ያደርጋል። የ1955ቱ ሞተር ከኋለኞቹ የሚለይበት ጉድለት አለው፤ የዘይት ማጣሪያው ከብሎኩ ጋር የተሠራ ሳይሆን ለብቻው በትርፍ ዋጋ የሚገጠም ነበር። ሟቹ ያላስገጠሙት ከሆነ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። ዘይቱ ራሱ ዚንክና ፎስፎረስ በበቂ መጠን ያለበት፣ ለአሮጌ ሞተሮች ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ይሁን፤ የዛሬው መደበኛ ዘይት እነዚህ ንጥረ ነገሮች የተቀነሱበት በመሆኑ ቫልቮቹን የሚከፍተውን የካምሻፍቱን ጥርስ ከመበላት በደንብ አይከላከልለትም።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ የቀረው ቤንዚን ዛሬ ሙጫ ሆኗልና አውጥተው ያጽዱት ወይም ይቀይሩት፤ የድሮ ላስቲክ ቱቦዎችና በነዳጅ ፖምፓው ውስጥ ያለው ዲያፍራም (ነዳጁን የሚገፋው ስስ ላስቲክ) የዛሬውን ባለ ኤታኖል ቤንዚን ስለማይችሉ በአዲስ መተካት አለባቸው። ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ያለበት ቤንዚን ለመንገድ መኪና በአሜሪካ ከ1996 መባቻ ጀምሮ ተከልክሏል፤ ሊዱ የቫልቭ መቀመጫዎቹን ከመበላት ይጠብቅ ስለነበር ለእነሱ የሚሰጉ ሰዎች ቢኖሩም ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው አጣዳፊ ችግር አይደለም፤ አንድ ቀን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ያስገጥሙለታል። ኤሌክትሪኩ ከ1955 ጀምሮ 12 ቮልት ስለሆነ የዛሬ ባትሪ ይስማማታል፤ በጨርቅ የተሸፈኑት የድሮ ሽቦዎች ተሰነጣጥቀው ከሆነ ግን እሳት ያስነሣሉና ባትሪውን ከማሰርዎ በፊት ይመልከቷቸው።

ስለ ቀለሙ ላሳስብዎ የምፈልገው ከውበት ይልቅ ጤናን የሚመለከት ነው። የዚያ ዘመን የመኪና ቀለም ሊድ ነበረበት፤ የላሜራ መገጣጠሚያዎችም በፋብሪካው የተደፈኑት በሊድ ነው። በቤትዎ ጋራዥ ውስጥ በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ቢፍቁት አቧራው በልብስዎና በጫማዎ ሳሎን ይገባል፤ ሊድ ደግሞ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የፋብሪካ ቀለሟ አሁንም ካለ፣ ደብዝዞም ቢሆን፣ ቀስ ብለው ቢያጥቡትና ቢወለውሉት የሚያምር ቀለም ነው። የፋብሪካ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው፤ አዲስ ቀለም ግን በፈለጉት ዓመት መቀባት ይችላሉ። የተወለደችበትን ቀለም ለማወቅ ከፈለጉ ከኮፋኖው ሥር፣ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ያንብቡ፤ የቀለሙ ቁጥር እዚያ ተጽፏል።

የባለቤትዎን ሥጋት ከቴክኒኩ ሁሉ በኋላ ያመጣሁት ሳላከብረው ቀርቼ አይደለም፤ አሁን ቁጥር ይዘን ልንነጋገርበት ስለምንችል ነው። ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ እስከ መጨረሻዋ ብሎን የተፈታች መኪና ወጪዋ መጠን የለውም። ፍሬን፣ ጎማ፣ ነዳጅ፣ ባትሪና ማቀዝቀዣ ብቻ ተስተካክሎ በራስዎ እጅ ከተሠራ ግን ወጪው በእኔ ግምት ከ5,000 ዶላር ብዙም የሚያልፍ አይደለም። ሼቭሮሌ በ1955 ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ስላመረተ፣ የሞተርና የፍሬን ክፍሎቿ እስከ ዛሬ አዲስ እየተሠሩ ይሸጣሉ፤ የሚያስቸግሩት የባለ አራት በሩ ብቻ የሆኑት በሮችና ጌጦች ናቸው፤ እነዚህን እንዳሉ ጠብቁ የምለውም አንድም ለዚህ ነው። ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው የመኪናዋን ገንዘብ ከሠርጉ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ጣሪያውን አብረው ይወስኑ፤ ደረሰኝ ሁሉ ለሁለታችሁም ይታይ። ኢንሹራንሱን ሲገቡም መኪናዋ ብትጎዳ የሚከፈለው ዋጋ ከመጀመሪያው በስምምነት የሚጻፍበትን፣ ለጥንታዊ መኪኖች የተዘጋጀውን ዓይነት ይምረጡ፤ ተራው ውል በዕድሜዋ ልክ ቀንሶ ከምንም አይቆጥራትም። የጥንታዊ መኪና ታርጋ ከወሰዱላት ደግሞ በየቀኑ ወደ ሥራ ለመመላለስ የተፈቀደ ስላልሆነ ደንቡን ከኤምቪኤ አስቀድመው ያንብቡ።

ሠርጉን በሚመለከት፣ ለልጅዎ ዛሬ ቃል አይግቡላት። መኪናዋ እስከ መጋቢት መጨረሻ በራሷ ጉልበት ወጥታ፣ ሰፈር ለሰፈር፣ ከዚያም ራቅ እያለች ቢያንስ 300 ማይል ከሄደች፣ ፍሬኗም በአንድም ቀን ካላሳሰበዎት፣ ያን ጊዜ ይንገሯት። የደኅንነት ቀበቶ በዚያ ዘመን መደበኛ ስላልነበረ ለፊትም ለኋላም ወንበር ወለሉ ላይ ከተጠናከረ ብረት ጋር የታሰረ ቀበቶ አስቀድመው ያስገጥሙ፤ መሪዋም በግጭት ጊዜ የማይታጠፍ ጠንካራ ዘንግ ስላለው በሀይዌይ ሳይሆን በውስጥ መንገድ፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይንዱ። መጋቢት ደርሶ አሁንም ክሪክ ላይ ከሆነች፣ ለሙሽራዋ ሌላ መኪና ይከራዩና ቤል ኤሯን ጋራዧ ውስጥ በሰላም ይተዉአት። ጎረቤትዎንም ለሠርጉ ይጥሯቸው፤ ወረቀቱን ሲፈርሙልዎ ይንገሯቸው።